ከግራር ግራር የሚሄድ መኪና

እኛ ሰዎች ስልክ ስናነሳ ከሰላምታ የምናስቀድመው ጥያቄ አለን፤ «የት ነህ?» ነው። ጤናህ እንዴት ነው፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው ወይ፣ እሱ ሁሉ ኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ ሰውዬው የት እንደቆመ፣ የት እንደተቀመጠ፣ ከተቻለም ከማን ጋር እንደተቀመጠ መታወቅ አለበት። ጥያቄው የአገር እንደሆነ ሁሉ መልሱም የአገር ነው፤ «መጣሁ!» ነው። «መጣሁ» ያለ ሰው ገና ካልሲውን እየፈለገ ነው። «ደረስኩ» ያለው አንድ እግር ጫማውን አጥልቋል። «በር ላይ ነኝ» ካላችሁ ግን እመኑት፣ እውነቱን ነው፤ የገዛ ቤቱ በር ላይ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ ጠዋት ሳትሉት አልቀራችሁም። ጠያቂው ውሸት መሆኑን ያውቃል፣ ተጠያቂውም መታወቁን ያውቃል፣ በዚህች ትንሽ ውሸት ላይ ተደላድለን ስንት ዘመን ተከባብረን ኖርን።

የዚህ ጥበብ ሊቅ ደግሞ ሾፌር ነው። እኔ ሰይድ እባላለሁ፤ ወላጆቼ ከወሎ ለንግድ መጥተው እዚሁ ጅጅጋ የቀሩ፣ እኔም እዚሁ ተወልጄ ሃያ ዓመት መሪ የጨበጥኩ ሰው ነኝ። ሐረር ሆኜ «ባቢሌን አለፍኩ»፣ ባቢሌ ሆኜ «ካራማራን እየወጣሁ ነው» ስል ፀጉሬ ሸበተ። ዋሾ አትበሉኝ። መንገደኛ አንድ እግሩ ያለበት ቦታ ነው፣ አንድ እግሩ የሚደርስበት ቦታ ነው፤ እኔ የምናገረው ስለ ሁለተኛው እግር ነበር።

መኪናዬ አንዲት ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ናት። ባለቤቷም እኔ፣ ሾፌሯም እኔ፣ ጎማዋ ሲተነፍስ ጎሚስታዋም እኔ። ረቡዕ ረቡዕ ከጅጅጋ ሩዝ፣ ፓስታና ዘይት ጭኜ እወጣለሁ፤ ድሬዳዋ አድራለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት ኤረር ደርሼ የኤረርን አራግፌ የአፍደምን ይዤ እቀጥላለሁ። ድሮ ጭነት የሚሰጥ ነጋዴ «ሸራ አለህ? ጎማህ ደኅና ነው?» ይል ነበር። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ግን አንድ አዲስ ጥያቄ መጣ፤ «ጂፒኤስ አለው?» የለውም ካልክ ጭነቱ ወዳለው ይሄዳል። የአሥር መኪና ጌታ ሾፌሮቹን ለመጠበቅ ያስገጥማል፤ ይገባኛል። የአንድ መኪና ጌታ ግን ማንን ነው የሚጠብቀው? ራሱን። እኔም ራሴን ለመሰለል በገዛ እጄ ፈርሜ አስገጠምኩ።

ገጣሚው፣ የግጥም ሳይሆን የዕቃው፣ ሳሙና የምታህል ጥቁር ነገር አውጥቶ በማግኔቷ ከመቀመጫዬ ሥር ብረቱ ላይ ለጠፋት። «ስትንቀጠቀጥ ሞተር በርቷል ትላለች፣ ጸጥ ስትል ጠፍቷል ትላለች። ፍጥነት ታያለች፣ መንገድ ታያለች፣ የቆምክበትን ሰዓት ትመዘግባለች» አለኝ። ከዚያ መመልከቻውን የሚጭንበት ስልክ ጠየቀኝ። የእኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ናት፤ ከመደወልና ከመጮህ ሌላ ሥራ አታውቅም። ትንሽ አሰብኩ። ጭነት ሰጪው ያየኛል፣ ዕቃውን የሸጠው ድርጅት ያየኛል፣ ሰማይ ላይ የተሰቀለው ሳተላይት ያየኛል። ሚስቴ ብታየኝ ምን አለበት?

«የከድጃ ስልክ ላይ ጫነው» አልኩት።

በሕይወቴ ብዙ ስህተት ሠርቻለሁ። አንዴ በዝናብ ወቅት ደረቅ ወንዝ ውስጥ መኪና አቁሜ ምሳ በልቻለሁ። ያኛው ስህተት ከዚህኛው ይሻል ነበር።

ከድጃ ገበያው መሐል የጨርቅ ሱቅ አላት። በመጀመሪያው ጉዞዬ ባቢሌ ላይ ውሃ ለመጠጣት ከመቆሜ ስልኬ ጮኸች። ከድጃ ናት።

«ሰይድ! ሞተሩ ጠፍቷል ይላል! ማን ወሰደው?»

«ማንም አልወሰደውም፤ አጥፍቼው ነው።»

«ራስህ ነህ ያጠፋኸው? ያን የሚያህል ሞተር እንዴት አድርገህ ነው የምታጠፋው?»

ሞተር እንደ መብራትም እንደ በግም እንደሚጠፋ፣ አማርኛችንም ሁለቱን እንደማይለይ ለማስረዳት ውሃዬን ሳልጠጣ ሩብ ሰዓት ሄደ። ሲገባት ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ። «ታዲያ ለምን ቆምክ?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የደንገጎን ቁልቁለት ስወርድ «ቀስ በል» ትለኛለች፤ ድሬዳዋ ስገባ «ያ መንገድ አይደለም ወደ ማደሪያህ የሚወስደው» ትለኛለች፤ አንዴማ ለሽንት ወርጄ «ቁጥቋጦ ሥር ነህ ወይስ ሜዳ ላይ?» ብላኛለች። እንግዲህ የሰው ልጅ ከዚህ በላይ ምን ይደበቅለት?

ብቻዋን ብታየኝ ደግ ነበር። ስልኩን የሚቀመጥበት አጥታ የጨርቅ መለኪያው ጠረጴዛ ላይ ጥቅል ጨርቅ አስደግፋ አቆመችው፤ ሱቁ ሲኒማ ቤት ሆነ። ለድሪዓ ቀሚስ ጨርቅ ልትገዛ የመጣች ሴት ጨርቁን ረስታ «ሰውዬው የት ደረሰ?» ማለት ጀመረች። ጎረቤቷ ሰአዳ፣ የግመል ወተት ሻጯ፣ ጀሪካኗን በር ላይ ጥላ ገብታ ትቀመጣለች። የዋናው መቀመጫ ባለቤት ግን አዴር ዑመር ናቸው። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ እኛ ሰፈር ግን የሁሉ አጎት እሳቸው ናቸው። ወጣትነታቸውን በግመል ኋላ የጨረሱ፣ አሁን ዓይናቸው ደክሞ መነጽር የጨመሩ፣ ሻያቸውን ይዘው ከጠዋት እስከ ዙህር ሰላት ከስክሪኑ ፊት የማይነሱ ሽማግሌ። ኤረር ስገባ «ገባ!» ይላሉ፤ ሱቁ በሙሉ ይተነፍሳል። እኔ ብቻዬን ካቢን ውስጥ እያንጎራጎርኩ የምሄድ ይመስለኛል፤ ለካ ሕዝብ ጭኜ ነው።

አሁን ወደ ወገቤ ልምጣ።

ከሁለት ዓመት በፊት ወገቤ ተቀንጥሶ አንድ ወር ሙሉ አልጋ ላይ ውያለሁ። ከድጃ ያን ወር እያገላበጠች አስታመመችኝ፤ የተነሳሁ ቀን ደግሞ ፊት ለፊቴ ቆማ ማለች። «ሰይድ፣ ይህ ወገብ ሁለተኛ ካመመህ ወላሂ መኪናዋ ትሸጣለች።» ከድጃ ስትምል እንደ ሌላው ሰው አይደለችም፤ የማለችውን ትፈጽማለች። ስለዚህ ወገቤ እንደገና ሲጀምረኝ ለማን ልንገር? ጠዋት ከአልጋ የምነሳው እሷ ለሰላት ስትነሳ ጠብቄ፣ ግድግዳ ይዤ፣ እንደ አሮጌ በር እየተንጣጣሁ ነው። ከወጣች በኋላ ቀጥ እላለሁ። መኪናዋ ከተሸጠች እኔ ምን እሆናለሁ? ሱቅ ውስጥ ከአዴር ዑመር ጎን ተቀምጬ የሌላ ሰው መኪና በስክሪን የማይ ሰው።

መድኃኒቱን ያገኘሁት ኤረር ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ፍልውሃ አለ፤ ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቱ ከግንቡ ማዶ። አንድ ሐሙስ ጭነት ካራገፍኩ በኋላ ገባሁ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ተዘፈዘፍኩ፤ ስወጣ እንደ ጎረምሳ እየዘለልኩ ካቢኑ ላይ ወጣሁ። በሚቀጥለውም ሐሙስ፣ በሚቀጥለውም። ያቺ ጥቁር ሳሙና ታዲያ ሁሉንም ጽፋለች። ኤረር፤ ቆሟል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል። ለምን የሚለውን አትጽፍም፤ መጻፊያ ቦታም የላት።

«ኤረር ምን ትሠራለህ ይሄን ያህል?» አለችኝ ከድጃ በመጀመሪያው ሳምንት።

«ማራገፊያው ወረፋ ነው።»

በሁለተኛው ሳምንት ጎማ ነው አልኩ። በሦስተኛው ብሎን ነው አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይሉ የለ? የእኔም ከወረፋ ወርዶ ብሎን ደረሰ። በአራተኛው ሳምንት አልደወለችም።

ስልክ ሳይጮህ ሲቀር እንደሚያስፈራ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ቀደም ብሎ «ለምን ቆምክ» ስትለኝ የምነጫነጭ ሰው፣ አሁን ስልኬን እያወጣሁ ኔትወርክ መኖሩን አያለሁ። ቤት ስገባ እራት ታቀርባለች፣ «ደኅና ዋልክ» ትላለች፣ ሌላ ቃል የለም። ለካ ሱቅ ውስጥ ጉባኤ ተቀምጦ ኖሯል። «እህቴ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብላታለች ሰአዳ። «በየሳምንቱ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ? ጎማ ቀጠሮ አክብሮ አይፈነዳም። ኤረር ላይ ሌላ ቤት አለው።» ጨርቅ ገዢዎቹ በሙሉ ተስማሙ። አዴር ዑመር ብቻ ሻያቸውን እያማሰሉ «አላህ ያውቃል» አሉ።

እኔ ይህን አላውቅም። የማውቀው ያቺ ስክሪን ላይ መኪናዬ ቆማ መታየት እንደሌለባት ነው። ሚስቴ የምትቆጣው ስቆም ነው፤ ስሄድ ተቆጥታ አታውቅም። እንግዲያው መኪናዋ ብትሄድስ? እኔ ውሃ ውስጥ ሆኜ እሷ ብትሄድስ?

ሐሙስ ጠዋት ኤረር ደርሼ አራገፍኩና ጥቁሯን ሳሙና ከመቀመጫዬ ሥር ላጥ አድርጌ አወጣኋት። ፍልውሃው ደጃፍ ዋበሪ የሚባል የምግባባው ባለ ግመል ቆሟል። በዋናው መንገድ ዳር ዳር ወደ ጎታ ሊሄድ ነው፤ እኔም ወደ አፍደም የማልፈው በዚያው በጎታ ነው። ግመሏ የምትሄደው ቀስ ብላ ነው፤ ግን ትሄዳለች። ታጥቤ ስወጣ በመኪና ደርሼባት ዕቃዬን እወስዳለሁ። ግመሏ ጎን የተንጠለጠለች የብረት ድስት ላይ ጠቅ አድርጌ ለጠፍኳት።

«ምንድነው?» አለኝ ዋበሪ በሶማሊኛ።

«የመኪናዬ ክታብ ነው» አልኩት፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ዳሰስ አደረጋትና ራሱን ነቀነቀ። «ክታብ ለግመልም አይከፋም» ብሎ ሄደ።

ግመል ሰርቆ አጎንብሶ የሚባለው ተረት የተተረተው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም። ብቻ በዚያች ሰዓት ራሴን ያደነቅሁትን ያህል አድንቄው አላውቅም። ሱሪዬን ምስማር ላይ ሰቀልኩ፤ ስልኬ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ናት፤ እኔ እስከ አንገቴ ውሃ ውስጥ ነኝ። እቅዱ እንከን አልነበረውም። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ ለግመሏ የነገራት ሰው የለም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ኋላ ከሰባት ሰው ሰባት ዓይነት ሰምቼዋለሁ፤ ሁሉም የተስማሙበትን ብቻ ልንገራችሁ። ግመሏ ሩብ ሰዓት ያህል በመንገዱ ዳር በሥርዓት ሄደች። የከድጃ ስልክም ከጅጅጋ «ሞተር በርቷል» አለ። ከዚያ ግመሏ ከመንገዱ ግራ አንድ ለምለም ግራር አየች። ዋበሪም ሊመልሳት አልሞከረም፤ ክታቡ ምን መንገድ እንደሚወድ ማን ነገረው? የከድጃ ስልክ ጮኸ፤ «ተሽከርካሪው ከመንገድ ወጥቷል።»

ሱቁ በሙሉ ተነሳ።

«ተገልብጧል!» አለች ሰአዳ።

«የተገለበጠ መኪና ይራመዳል እንዴ?» አለች ከድጃ፤ ጣቷ ስክሪኑ ላይ ነው። የመኪናዋ ምልክት ቀስ እያለች ሜዳውን ታቋርጣለች።

«እንግዲያው ሌቦች ናቸው! ሰውዬውን ጥለው መኪናውን ወሰዱት!»

«ሌባ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ይሸሻል?»

እንዲህ አለች እንጂ ዘጭ ብላ ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀመጠች። አሥራ አንድ ጊዜ ደወለችልኝ። ሱሪዬ ምስማር ላይ ሆና አሥራ አንድ ጊዜ ጮኸች፤ እኔ ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ነው። አሥራ ሁለተኛውን መደወል አቃታትና አለቀሰች። ለአንድ ወር ያህል በቅናት የበገነች ሴት፣ ያ ሁሉ ቅናት በአንድ አፍታ ትዝ አላላትም፤ «ሁለት ቤትም ይኑረው፣ ብቻ በሕይወት ይኑር» ስትል ሰምተናታል ብለው ሁለት ሴቶች መስክረዋል። እሷ ግን እስከ ዛሬ ትክዳለች።

በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሐል አዴር ዑመር መነጽራቸውን በኩታቸው ጠርገው ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣

«ይሄ መኪና አይደለም» አሉ። «ግመል ነው።»

ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

«እዩ። እዚህ ቆመ፤ ግራር ነው። ሄደ፤ እዚህ ቆመ፤ ይሄም ግራር ነው። ከግራር ግራር የሚሄድ መኪና እኔ አላየሁም። አሁን በቀኝ በኩል ይዞራል፤ ወደ ጥላ።» ምልክቷ በቀኝ በኩል ዞረች። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። አዴር ዑመር ሻያቸውን ፉት አሉና ጨመሩ፤ «ደግሞ እናት ናት። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ልጇ ቀርቶባታል።»

ከድጃ እንባዋን ጠረገች። ያን ጊዜ ከፊቷ የጠፋው ፍርሃት የት እንደሄደ አላውቅም፤ በቦታው የገባው ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። «መኪናው ግመል ከሆነ» አለች ቀስ ብላ፣ «ባሌ የት ነው?»

አዴር ዑመር ስልካቸውን አወጡ። ኤረር ላይ የእህታቸው ልጅ ጉሌድ መድኃኒት ቤት አለው፤ ትልቅ ሰው፣ የሦስት ልጆች አባት። ደወሉለት፤ በሶማሊኛ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ ዘጉ። ጉሌድ ለሻይ ቤቱ ሰው ነገረ፣ የሻይ ቤቱ ሰው ጭነት ያራገፈልኝን ሱቅ ጠየቀ፣ የሱቁ ሰው «በየሳምንቱ ፎጣ ይዞ ነው የሚወጣው» አለ። የአዴር ዑመር ሻይ ሳይቀዘቅዝ ተገኘሁ። ያን ሁሉ ሳተላይት ሰማይ ላይ የሰቀሉት ሰዎች መጀመሪያ አዴር ዑመርን አማክረው ቢሆን ኖሮ ስንት ድካም በቀረላቸው።

እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በሞቀው ውሃ ውስጥ አሥር ከሚሆኑ ሽማግሌዎች ጋር ተዘፍዝፌያለሁ። አንድ ድምፅ «ሰይድ የሚባል የጅጅጋ ሾፌር ማነው?» አለ። አሥሩም ሽማግሌዎች በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ጠቆሙ። ዓይኔን ስገልጥ ጉሌድ ስልኩን ወደ ፊቴ ዘርግቷል፤ ስልኩ ውስጥ ከድጃ አለች፤ ከከድጃ ኋላ ሰአዳ፤ ከሰአዳ ኋላ ጨርቅ በትከሻዋ ላይ ያደረገች የማላውቃት ገዢ፤ ጥግ ላይ ደግሞ የአዴር ዑመር መነጽር።

ያደረግሁትን ልንገራችሁ? ሰጠምኩ። አፍንጫዬን ይዤ ከውሃው ሥር ገባሁ። ሰው ግን ዓሣ አይደለም፤ ስወጣ ሁሉም እዚያው ነበሩ።

«ማን ጋር ነህ?» አለች ከድጃ።

«ከሽማግሌዎች ጋር።»

«ጉሌድ፣ አዙረው።»

ጉሌድ ታዛዥ ሰው ነው፤ አዞረው። አንዱ ሽማግሌ ፎጣውን ደረቱ ላይ ሳበ፤ አንዱ ጀርባውን ሰጠ፤ ትልቁ ግን በክብር እጃቸውን አንስተው «አሰላሙ አለይኩም» አሉ። ሱቁ በሙሉ በአንድ ድምፅ «ወአለይኩም ሰላም» ብሎ መለሰ።

«ሴቶቹስ?»

«ከግንቡ ማዶ ናቸው» አለ ጉሌድ፤ «ወደዚያ አይቀረጽም።»

«ታዲያ አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ?»

ውሸት ፈለግሁ። ወረፋ፣ ጎማ፣ ብሎን፤ ሁሉም አልቋል። ራቁቱን ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ብሎን ነው ቢል ማን ያምነዋል? «ወገቤ ነው» አልኩ። «ተመልሶብኛል። አራት ወር ሆኖታል። እንዳልነግርሽ መኪናዋን ትሸጫታለሽ።»

ከድጃ ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ሽበቴ ላይ የወረደውን ውሃ፣ የተላጠውን ትከሻዬን፣ ሁሉን አየች።

«ለሁለተኛ ሚስት ተዘጋጅቼ ነበር» አለች በመጨረሻ። «የምለውን ሁሉ አጥንቼ ነበር። ለወገብ አልተዘጋጀሁም።» ስልኩም ተዘጋ።

ሱሪዬን ለበስኩ። ግን ግመሏ አለች፤ የነጋዴው የአፍደም ጭነት አለ፤ ያለ ዕቃዋ መኪናዬ በስክሪን ላይ እስከ ዕድሜ ልኳ ቅጠል ስትበላ ልትኖር ነው። መኪና በማይገባበት ሜዳ በእግሬ ጀመርኩ። ብዙም ሳልሄድ ስልኬ ጮኸች፤ አዴር ዑመር ናቸው።

«ዋሪያ ሰይድ፣ ቀጥ ብለህ ሂድ። ትልቅ ግራር ታያለህ?»

«አዴር፣ አሥራ ሁለት ግራር አያለሁ።»

«የሦስተኛው ጥላ ይበልጣል። እዚያ አልቆመችም። ወደ ግራ።»

በስክሪኑ ላይ እኔ የለሁም፤ ግመሏ ብቻ ናት ያለችው። ጅጅጋ ተቀምጠው፣ ግመሏን እያዩ፣ እኔን በድምፅ ይነዱኛል። ወደ ግራ ሄድኩ፣ እሾህ ወጋኝ፣ ወደ ቀኝ ሄድኩ፣ የሌላ ሰው ግመል አገኘሁ። ወገቤ በውሃው ያገኘውን ሁሉ በሜዳው መለሰ። አንድ ድንጋይ ላይ ተደግፌ ስተነፍስ ስልኩ ውስጥ ድምፁ ተለወጠ።

«ሰይድ» አለች ከድጃ። ስልኩን ከአዴር ዑመር ተቀብላለች።

«አቤት።»

«ቁጭ በል። ግመሏ ተኝታለች፤ የትም አትሄድም፤ እኔ እያየኋት ነው። ትንፋሽህ ሲመለስ ትነሳለህ።»

ቁጭ አልኩ። እሷም አልዘጋችም፤ እኔም አልዘጋሁም። ሱቁ ውስጥ የሴቶቹ ድምፅ፣ የጨርቅ መቀስ፣ የሰአዳ ሳል ይሰማኛል። እውነት ለመናገር፣ ያቺ ዕቃ ከተገጠመችብኝ ጀምሮ መታየት ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም የምትታየው ግመሏ ነበረች። ስነሳ «አሁን በስተቀኝህ» አለችኝ፤ በስተቀኜ ዋበሪ ጥላ ሥር ጋደም ብሎ፣ ግመሏ ከግልገሏ ጋር ተንበርክካ፣ ድስቷ ላይ ክታቤ እንዳለች አገኘኋቸው። ዋበሪ ዕቃዋን ስወስድ ቅር አለው። «ዛሬ ወተቷ በዝቶ ነበር» አለኝ።

ቅዳሜ ቤት ስገባ ፍርዴን ለመስማት ተቀመጥኩ። መኪናዋ ትሸጣለች አላለችም። ከዛሬ ጀምሮ ጆንያ አታነሳም አለች፤ ተስማማሁ። ሐሙስን ማንም አይከለክልህም አለች፤ ተስማማሁ። ከዚያ ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ከፍ አድርጋ እግሯን ዘረጋች። ጉልበቷ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ጨርቅ ስትለካ፣ ሱቁን ዝጊ እንዳልላት ለእኔ ደብቃ። እሷ ላይ ጂፒኤስ የለጠፈ ማንም ስላልነበረ አንድም ሰው ሳያውቅባት ኖረች። ልቆጣ ፈለግሁ። ከዚያ በየትኛው አፌ ብዬ ተውኩት።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ሁለት ሆነን ነው የምንሄደው፤ ሱቁን ሰአዳ ትጠብቃለች። ስልኩን ስለምትይዘው የሱቁ ሕዝብ ተመልካችነቱ የሚቀር መስሎኝ ነበር። ለካ አዴር ዑመር በራሳቸው ስልክ አስጭነዋል፣ ከእሳቸው ደግሞ ሌላው። ከድጃን የይለፍ ቃሉን ቀይሪልኝ ብዬ ለመንኳት፤ ቀየረች፤ እንዳትረሳው ብላ ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፋ ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

ባለፈው ሐሙስ እኔ ቀድሜ ወጥቼ ግራር ሥር ተቀምጬ እጠብቃታለሁ። ከግንቡ ማዶ የኤረር ሴቶች ሳቅ ይሰማል፤ የእሷም አለበት። የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ፤ የሽማግሌ ድምፅ ነው።

«ማን ልበል?»

«አታውቀኝም፣ ልጄ። ከቀብሪበያ ከተማ ነው የምደውለው። ኤረር ናችሁ አይደል?»

«ነን» አልኩ፤ ምን እላለሁ?

«ባለቤትህ ገና አልወጣችም?»

«አልወጣችም።»

«እኔ እንኳ የደወልኩት ስለ አንገቴ ነው። ለአንገት ይሆናል ውሃው?»

አንድ ጊዜ ልቆጣ ዳዳኝ። ማን ቁጥሬን ሰጠህ፣ ማን ሚስቴ የት እንዳለች ነገረህ፣ ይህ የሰው ጓዳ አይደለም ወይ ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የሰውዬው ድምፅ እንደ እኔ ወገብ እንደሚንጣጣ ሰማሁ።

«ለአንገት ይሆናል፣ አባቴ» አልኩት። «ካቢን ውስጥ አንድ ቦታ አለን። ረቡዕ ጠዋት ጅጅጋ ይምጡ፤ የት እንደምቆም ልንገርዎት።»

«ግድ የለም» አለኝ። «አየዋለሁ።»